ግሪን ቲን እንደ ቡናችን
(በአዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ በተባለው ሰፈር ለአካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



የዛሬው ጉባኤ ስለ ቡና ቢሆን ኖሮ ተናጋሪ ባላስፈለገ ነበር። የሐረሩን ከይርጋጨፌው በመዓዛው የሚለይ፣ ቡናው አረረ ወይስ ጥሬ ቀረ ብሎ የሚከራከር፣ አቦል ከበረካ የሚለይበትን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሕዝብ ፊት ቆሜአለሁ። ቡና ስንገዛ የምንመረምረው ፍሬውን ነው፤ ስንጠጣም የምንፈርደው በምላሳችን ነው። ለጉበት ይበጃል ሲባል ሰምቶ ቡና የጀመረ በመካከላችን የለም፤ ስለምንወደው እንጠጣዋለን። ወደ ግሪን ቲ ስንመጣ ግን ይህ ሁሉ እውቀት ጥሎን ይሄዳል። ሱቅ ገብተን የምንጠይቀው «ቦርጭ ያጠፋል ወይ? ስኳር ይቀንሳል ወይ? ደም ያጠራል ወይ?» እያልን ነው። ይጣፍጥ እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ቤት ደርሰን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ እንጨምረዋለን፣ እስኪጠቁር እንተወዋለን፣ ፊታችንን አጨማድደን እንጨልጠዋለን፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የተረፈው ካርቶን ቁም ሳጥን ውስጥ ይረሳል።

ዛሬ የማስረዳው ነገር አንድ ነው። ግሪን ቲ በጣዕሙ ተመዝኖ፣ ተወዶ የሚጠጣ መጠጥ ነው። በመድኃኒት ስም ስለተቀበልነው ጣዕሙን አጣነው፤ ሊሰጠን ይችል የነበረውንም ጥቅም ከራሳችን አራቅነው። ይህን ስል የጤናውን ጉዳይ ማናናቄ አይደለም። ጥናቶቹ ረጋ ተብለው ሲነበቡ ራሳቸው ወደ ጣዕሙ ይመልሱናል። ስለዚህ ከቅጠሉ ልጀምር፤ ወደ ውሃው፣ ከዚያም ወደ ጤናው፣ በመጨረሻም ወደ ሀገራችን እርሻ እንሻገራለን።

ብዙ ሰው ግሪን ቲ ከሌላ ተክል የሚለቀም ይመስለዋል። በየሻይ ቤቱ የምንጠጣው ሻይም ግሪን ቲውም የሚገኙት ካሜሊያ ሳይኔንሲስ ከተባለው አንድ ተክል ነው። ተክሉ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በኢሉባቦር፣ ጉማሮ ላይ ሻይ መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከቦንጋ አለፍ ብሎ ደግሞ የከፋው የውሽውሽ እርሻ አለ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከአየር ጤና ሰፈር ተነስቶ በሰበታ በኩል የሚሄደው የጅማ መንገድ ወደዚያው ያደርሳል። በሁለቱ ሻዮች መካከል ያለው ልዩነት የሚፈጠረው ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። የተላጠ ድንች ውሃ ውስጥ ሳይገባ ከቆየ እንደሚጠቁር ሁላችንም እናውቃለን፤ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚሠራ ነው። የሻይ ቅጠልም እንዲሁ ነው። ጥቁር ሻይ ለማግኘት ቅጠሉ እንዲጠወልግ ይደረጋል፣ እየታሸ ይሰባበራል፣ አየር እንዲያገኘው ይተዋል፤ ኢንዛይሙም ካቴኪን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለውጦ ያንን ቀላ ያለ ቀለምና ጠንከር ያለ ጣዕም ያመጣል። ለግሪን ቲ ግን ይህ ለውጥ ሳይጀመር ቅጠሉ በሙቀት ይመታል። ቻይናውያን በጋለ የብረት ምጣድ ላይ እያመሱ፣ ጃፓናውያን ደግሞ በእንፋሎት እየመቱ ኢንዛይሙን ከሥራ ያስወጡታል። የዛሬው የጃፓን ሴንቻ የሚሠራበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1738 ያቋቋመው ናጋታኒ ሶኤን የተባለ የኡጂ አካባቢ የሻይ ገበሬ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ሁሉ ያነሳሁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ግሪን ቲ ያልተለወጠ ቅጠል ስለሆነ ለተለወጠው ቅጠል የለመድነውን አፈላል አይችልም።

ይህ ወደ ውሃው ይወስደናል። የግሪን ቲን ጣዕም የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው። ካቴኪኖቹ መራራ ናቸው፣ አፍንም ጭምድድ ያደርጋሉ። ካፌይኑም መራራ ነው። ቲያኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ግን ለስለስ ያለና ምላስ ላይ የሚቆይ ጣፋጭነት ይሰጣል። ሦስቱ ከቅጠሉ የሚወጡት በአንድ ፍጥነት አይደለም። ቲያኒን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እንኳ በቀላሉ ይሟሟል፤ ካቴኪንና ካፌይን ግን በብዛት የሚወጡት ውሃው በጣም ሲሞቅና ቅጠሉ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ውሃውን በማብረድና ደቂቃውን በማሳጠር ጣፋጩን አስቀድመን፣ መራራውን በልኩ እናስወጣለን። በጃፓንም በቻይናም ለአብዛኛው ግሪን ቲ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚመረጠው ለዚህ ነው። «ግሪን ቲ መራራ ነው» የሚለው ፍርድ እንግዲህ ብዙውን ጊዜ በእሳቱ ላይ ሊሰጥ የሚገባው ነው፤ ቅጠሉ ያለ ጥፋቱ ተወቅሷል።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ያግዘናል። በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ የምንጨምርበት እሳት ያተነዋል እንጂ አያሞቀውም። ከፍተኛ ሙቀት ለሚፈልገው ጥቁር ሻይ ይህ ጉድለት ነው፤ እሳት ላይ ረዘም አድርጎ የማፍላት ልማዳችን ጉድለቱን ይሞላል። ለግሪን ቲ ግን ያው ጉድለት ጸጋ ነው፤ ከሚፈለገው ሙቀት በቅርብ ርቀት ላይ ሆነን እንጀምራለን። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። የፈላውን ውሃ ከማንቆርቆሪያው ወደ ቀዝቃዛ ጆግ አንድ ጊዜ መገልበጥ በአሥር ዲግሪ ያህል ያበርደዋል፤ ትንሽ ጠብቀን ቅጠሉ ላይ ስናፈሰው ልኩ ላይ ደርሷል። ለአንድ ብርጭቆ አንድ ቲ ባግ፣ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቅጠል ይበቃል። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይውጣ። ጥሩ ቅጠል ከሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜም ውሃ ይጨመርበታል፤ ጣዕሙም ከአቦል ወደ ቶና ስንሻገር እንደምናውቀው እየተለወጠ ይሄዳል። ከሮቶ ወይም ከጀሪካን የተቀዳው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ክዳኑን ከፍቶ ማፍላት ይረዳል። ብዙ ስኳርና ቅመም የሚገባበት ሻይ እንዲህ ያለውን ሽታ ይሸፍነዋል፤ ግሪን ቲ ግን ምንም አይሸፍንም።

«ያለ ስኳርና ያለ ቅመም ሻይ ምን ሻይ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻያችን ደግሞ የሚያኮራ ነው። ግሪን ቲ ብቻውን ካልተጠጣ ኃጢአት ነው የሚል ሕግም የለም። ሞሮኮዎች የቻይናን ግሪን ቲ በናናና በብዙ ስኳር አፍልተው የሀገራቸው መለያ አድርገውታል። ቻይናውያን ቅጠሉን ከጃስሚን አበባ ጋር አስተኝተው መዓዛውን እንዲስብ ያደርጋሉ። ጃፓናውያን የተቆላ ሩዝ ይቀላቅሉበታል። እኛም የጦስኝ ቅንጣቢ ወይም ጥቂት የናና ቅጠል ብንጨምርበት የሚከለክለን የለም። የምጠይቀው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ብቻውን፣ በበረደ ውሃ፣ በአጭር ደቂቃ ይቀመስ፤ ከዚያ የሚጨመረው ነገር ጣዕሙን ለማጀብ ይጨመር። በተቃጠለ ቅጠል ላይ የሚደረብ ቅመም ጥፋት መሸፈኛ ነው። የስኳሩን ጉዳይ ግን በቁጥር ማየት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ይመረጣል ይላል። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን ሦስት ብርጭቆ ሲጠጣ በሻይ ብቻ ወደዚያ ይደርሳል። በትክክል የተዘጋጀ ግሪን ቲ ስኳር ሳይጨመርበት ምላስ የሚቀበለው መጠጥ መሆኑ ከጤና በረከቶቹ ሁሉ እርግጠኛው ይመስለኛል።

ወደ ጤናው እንለፍ። በገበያው ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ማቅጠኛ ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሙከራዎች መርምሮ የግሪን ቲ ውጤት እጅግ ትንሽ እንደሆነና ለጤና ትርጉም ያለው ሊባል እንደማይችል ደምድሟል። በከተማው ሱቆች «ማቅጠኛ ሻይ» እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ሰና የተባለው ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል የገባባቸው አሉ። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሱት ውሃ ነው፤ ስቡ ባለበት ይቆያል። በሌላ በኩል ችላ ሊባል የማይገባው ጥናት በጃፓን፣ በሚያጊ አውራጃ፣ ኦሳኪ በተባለው አካባቢ የተደረገው ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ 40,530 ሰዎችን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረ ጥናት እስከ 11 ዓመት ድረስ ተከታትለዋቸዋል፤ ውጤቱም በ2006 ታትሟል። በቀን አምስት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ሰዎች ከአንድ ስኒ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞቱት ቁጥር ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ልዩነቱም በሴቶች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ሰዎችን ተከታትሎ ያየ እንጂ አንዱን አጠጥቶ ሌላውን ከልክሎ የፈተነ ስላልሆነ ግሪን ቲ ሞትን ቀነሰ ብሎ መማል አይቻልም። ተስፋ ሰጪ ምልክት ነው ማለት ግን ይቻላል።

ከሁሉ ጠንካራ የሆነውን ተቃውሞ የማነሳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ «ጥቅም ሊኖረው የሚችል ከሆነ በመድኃኒት ስምም ቢሆን ሰው ቢጠጣው ምን ጉዳት አለው? ጣዕሙ በኋላ ይደርሳል» ሊል ይችላል። መልሱ እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። የኦሳኪ ሰዎች ግሪን ቲ የሚጠጡት ሐኪም አዝዞላቸው አልነበረም። አብሮአቸው ያደገ፣ ከምግብና ከጨዋታ ጋር የተዋሐደ፣ የሚወዱት መጠጥ ነው። ጥቅም ካለው ጥቅሙ የታየው በቀን ብዙ ስኒ ለዓመታት በጠጡት ላይ ነው። የሚጠላውን ነገር ለዓመታት በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው የለም። ለወገብ ብሎ የጀመረው ሰው ወገቡ ሳይቀንስ ሲቀር ያቋርጠዋል፤ ሚዛኑ ላይ የማይታየው ሊሆን የሚችል ጥቅም ግን በዝግታ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጣዕሙ የሚቀድመው ቅንጦት ስለሆነ አይደለም። ልማድን የሚያጸና እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለጤናው የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ግሪን ቲውን አጣፍጦ ማፍላት ይማር።

የመድኃኒት አስተሳሰብ ሌላም ችግር አለበት፤ ሲበዛ ይበጃል ወደሚል ይገፋል። ቅጠሉ እስኪጠቁር የሚዘፈዘፈው፣ ከዚያም አልፎ ከግሪን ቲ የተጣራ ንጥረ ነገር በእንክብል የሚዋጠው ለዚህ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ በተለመደው መንገድ ተፈልቶ የሚጠጣው ግሪን ቲ በአጠቃላይ ችግር እንደማያመጣ ገልጾ፣ ዋናውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ ግን ጉበት መጎዳት መጀመሩን ከሚያሳይ የደም ምርመራ ውጤት ጋር የተያያዘ መሆኑን አስጠንቅቋል። አንዱ ቅጠል በመጠጥነቱ ሰላማዊ ሆኖ በመድኃኒትነት ሲከማች አደገኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለእኛ ሀገር ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ስጋት አለ። ሻይ፣ ግሪን ቲውም ጥቁሩም፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል፤ መጠኑን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናትም 57 በመቶ የደም ማነስ ታይቶባቸዋል። በጾም ወራት ሽሮና ምስር ዋነኛ ምግባችን በሚሆንበት ጊዜ ብረቱን የምናገኘው በትክክል ሻይ ከሚያግደው ወገን ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ ምግብ ከተበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠበቅ። ነፍሰ ጡሮችና ደም ያነሳቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ለሕፃናት አይሰጥ፤ የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። በተጨማሪም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ የሚጠጣ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ብሎ መድቦታል። በበረደ ውሃ የሚዘጋጅና ረጋ ተብሎ የሚጠጣ ግሪን ቲ በዚህም በኩል ይጠቅመናል። ልብ በሉ፤ ለጣዕም የሚያስፈልጉት ደንቦች፣ ውሃውን አብርዱ፣ ደቂቃውን አሳጥሩ፣ አትጨልጡ፣ ለራሱ ጊዜ ስጡት የሚሉት፣ ለጤናም የሚበጁት እነሱው ሆነው ተገኙ።

«የቡና ሀገር ሰዎች ሆነን ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለውም መልስ ይሻል። ግሪን ቲ የቡናን ቦታ አይወስድም፣ እንዲወስድም አልመክርም። በአንድ ብርጭቆ ግሪን ቲ ያለው ካፌይን በተመሳሳይ መጠን ቡና ውስጥ ካለው ሲሶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሌላ ስኒ ቡና የልቡን ምት ለሚያፈጥንበት ሰው አማራጭ ይሆነዋል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ግን ማታ አይጠጣው። «ውድ ነው» የሚለው እውነትነት አለው። ሆኖም ቅጠሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ የሚቀበል መሆኑን፣ የስኳርም ወጪ የሌለበት መሆኑን አስቡት። ከሁሉ ውዱ ግሪን ቲ ተገዝቶ፣ በአፈላል ተበላሽቶ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀረው ነው። ለአቀማመጡም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ሽታ ይስባል፤ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ያበላሹታል። ከኮረሪማ፣ ከበርበሬ ወይም ከሳሙና ጎን የከረመ ካርቶን የራሱን መዓዛ አጥቶ የጎረቤቱን ይይዛል። ስለዚህ ስትገዙ የታሸገበትን ቀን አይታችሁ፣ ቤት ስትደርሱም በደንብ በሚገጠም ቆርቆሮ ውስጥ አኑሩት።

የመጨረሻው ነጥቤ ከቤታችን አልፎ ወደ እርሻው ይሄዳል። ግሪን ቲ ከተለቀመ በሰዓታት ውስጥ ሙቀት ካላገኘ ይበላሻል፤ ከታሸገም በኋላ እየቆየ ሲሄድ መዓዛው ይደክማል። ባሕር ተሻግሮ፣ መጋዘን ከርሞ የሚደርሰን ካርቶን በዚህ ሕግ ተጎጂ ነው። እኛ ግን በአንድ መንገድ ከሻይ እርሻ ጋር የተገናኘን ሕዝብ ነን። በጉማሮና በውሽውሽ የሚለቀመው ያው ቅጠል ነው፤ ወደ ጥሩ ግሪን ቲነት እንዲለወጥ ሙያና ፈጣን ሥራ ይፈልጋል፤ ሙያ ደግሞ የሚያድገው ፈላጊ ሲኖረው ነው። «ቦርጭ ያጠፋል ወይ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሸማች ለአምራቹ የሚነግረው ነገር የለም፤ ለእሱ አሮጌም አዲስም ቅጠል አንድ ነው። «መቼ ተለቀመ? የት? በምጣድ ነው በእንፋሎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሸማች ግን አምራቹ ጥራትን እንዲያሻሽል ምክንያት ይሰጠዋል። ቡናችን በይርጋጨፌና በሐረር ስም ተለይቶ ዓለም ዋጋ የሰጠው ምላሳቸው ልዩነቱን የሚያውቅ ሰዎች ስለጠየቁት ነው። ለሻያችንም ይህን ማድረግ የምንችለው ቀማሾች ስንሆን ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ የምጠይቃችሁ ሥራ ትንሽ ናት። ያንኑ ግሪን ቲ በሁለት ብርጭቆ አዘጋጁት። አንዱን እንደለመዳችሁት በሚንተከተክ ውሃ አፍልታችሁ ተዉት፤ ሌላውን ባበረዳችሁት ውሃ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ዘፍዝፉት። ሁለቱንም ያለ ስኳር ቅመሱ፤ ቤተሰቡም ይፍረድ። ፍርዱ ከእኔ ጋር ባይስማማ እንኳ በምላሳችሁ የተሰጠ ይሆናል፤ መጠጥ ሊፈረድበት የሚገባውም እንዲሁ ነው።